ሦስት ይሁን ስምንት

ሰኞ፣ የካቲት 3

ለሆስፒታሉ የሠራነው ዌብሳይት ከተከፈተ ሁለት ሳምንት ሞላው። አለቃዬ ዛሬም ለእንግዶች እያሳየ ነበር። «ፊደሉን እዩልኝ፣ አየር አለው።» አየር አለው የሚለው እኔ የመረጥኩትን ፎንት ነው። ቀጭን፣ ረዘም ያለ፣ ግራጫ። አንድ ወር ስፈልገው ከርሜ ያገኘሁት። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር... ወንበሬ ላይ መቀመጥ ግን አቃተኝ። ምን ሆኛለሁ?

ረቡዕ፣ የካቲት 5

አክስቴ እትዬ ቀጠሮዋ አመለጣት። የልብ ሐኪሟ የቀጠራት ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው፤ እሷ የሄደችው ከሰዓት በስምንት። ካርድ ክፍል ያለችው ልጅ «እማማ፣ አልፎብዎታል» ብላ መለሰቻት። ቀጣዩ ክፍት ቦታ ከአምስት ሳምንት በኋላ።

ደወልኩላት። «ረሳሁት» አለች።

«ረስተሽ ነው ልክ በስምንት የተገኘሽው?»

«እርጅና ነው እንግዲህ። ተይኝ።»

አክስቴ ትረሳለች? ፍርድ ቤት ታይፒስት ሆና ጡረታ የወጣች ሴት። እናቴ ከሞተች ወዲህ ስታሳድገኝ የፈተናዬን ቀን ከእኔ በላይ የምታውቅ። አልተዋጠልኝም።

ሐሙስ፣ የካቲት 6

ምሳ ሰዓት ላይ ቤቷ ሄድኩ። ጓዳ ስትገባ ስልኳን አነሳሁ። የቀጠሮው ገጽ እንደተከፈተ ነው። የእኔ ገጽ። 3፡00 ይላል። ክንዴን ዘርግቼ፣ ዓይኔን ጨፈን አድርጌ አየሁት። የሦስቱ ጫፎች ወደ ውስጥ ተጠምዝዘው ሊገጥሙ ምንም አልቀራቸው... ስምንት። ያንን ጥምዝ ነበር እኮ የወደድኩት።

ክንዴን መልሼ ዘረጋሁ። አሁንም ስምንት።

«ምን አፍጥጠሽ ታያለሽ?» አለች ስትመለስ።

«ምንም።»

ለምን ምንም አልኩ?

ዓርብ፣ የካቲት 7

ለአለቃዬ ነገርኩት። «አንድ ሰው ስለተሳሳተ ዲዛይን አይቀየርም» አለ። «ምናልባት አክስትሽ መነጽር ያስፈልጋቸው ይሆናል።» እሱም እውነት ነው፣ ሳያስፈልጋት አይቀርም። «ደግሞ የሆስፒታሉ ሥራ አስኪያጅ ወዶታል። አሁን ሄደን ተሳስተን ነበር ልንል ነው?»

አዎ፣ ልንል ነው... ማለት ነበረብኝ። ጭንቅላቴን ነቅንቄ ወጣሁ። በደረጃው ሁለቴ ወርጄ ሁለቴ ወጣሁ፣ ያለ ምክንያት።

እሑድ፣ የካቲት 9

ቀኑን ሙሉ ፎንት ስቀያይር ዋልኩ። ሲቀጥን የሸ ቆብ ይጠፋና ሰ ይሆናል። ይወፍር እላለሁ፤ የጨ እግር ቀለበቶች ይደፈኑና ጠ ይሆናል። አንዱ ፊደሉ ጥሩ ነው፣ ቁጥሩ ጉድ ነው። ሌላው ቁጥሩ ልክ ነው፣ መስመሩ ተጨናንቋል። አራት አስቀረሁ። ከአራቱ የቱ? ለእኔ ሁሉም ይነበብልኛል። ችግሩም እሱ ነው፤ እኔ አንብቤ እኔ ነኝ የማጸድቀው።

ማክሰኞ፣ የካቲት 11

ግማሽ ቀን ፈቃድ ወስጄ ሆስፒታሉ መጠበቂያ ክፍል ተቀመጥኩ። ዋና ነርሷ «ሰው አታስጨንቂ እንጂ ጠይቂ» አለችኝ። አሮጌውንና አራቱን ፎንቶች በስልኬ እያሳየሁ፣ ስንት ሰዓት ይላል እያልኩ አሥራ አንድ ሰው ጠየቅኩ። በአሮጌው ስድስቱ ስምንት አሉ።

የገረመኝ ግን እሱ አይደለም። ሁሉም ገና ሳያነቡ ይቅርታ ይጠይቃሉ። «መነጽሬን ረስቼ ነው።» «ብርሃኑ ዓይኔ ላይ ነው።» «እኔ ድሮም ማንበብ ላይ ደካማ ነኝ።» ፊደልሽ አይነበብም ያለኝ አንድ ሰው የለም።

አንድ የታክሲ ሾፌር ብቻ ስልኩን መለሰልኝና «በዚች ቁጥር ሰበብ ትናንት በስምንት መጥቼ ነው ዛሬ የተመለስኩት» አለ።

«ፊደሉን የመረጥኩት እኔ ነኝ» አልኩት። ድምፄን ሰማሁት።

ትንሽ አየኝ። «እሺ፣ አስተካክዪዋ እንግዲህ።»

ይኸው ነው ያለው። ቢሰድበኝ ይሻል ነበር።

ረቡዕ፣ የካቲት 12

አለቃዬ የአሥራ አንዱን ሰው መልስ የጻፍኩበትን ወረቀት ሁለቴ አነበበ። «ስድስት ከአሥራ አንድ...» አለ። ከዚያ፦ «ለሥራ አስኪያጁ አንቺ ነሽ የምትነግሪው።» እነግራለሁ።

ዓርብ፣ የካቲት 14

ነገርኩ። ሥራ አስኪያጁ አልተቆጣም። ካርድ ክፍል ደውሎ፣ ዌብሳይቱ ከተከፈተ ጀምሮ በተሳሳተ ሰዓት መጥቶ የተመለሰ ሰው ስንት እንደሆነ ጠየቀ። ሠላሳ አራት። ለሁሉም ተደውሎ በሚቀጥለው ሳምንት ቦታ እንዲሰጣቸው አዘዘ። ልደውል አልኩ። «ደውዪ» አለ።

ለአሥራ ሰባቱ ደወልኩ፤ ለሌሎቹ የካርድ ክፍሏ ልጅ። አንዲት እናት መረቁኝ። ጥፋቱ የእኔ እንደሆነ አያውቁም። የእትዬ ስም ዝርዝሩ ውስጥ አለ። ለእሷ ልጅቷ ትደውል አልኩ። ፈሪ።

እሑድ፣ የካቲት 16

ነገርኳት። ፎንቱን፣ ሦስቱን፣ ስምንቱን፣ ሁሉንም። ከዚያ ቀስ ብላ፦ «አእምሮዬ የከዳኝ መስሎኝ ነበር እኮ።»

የቤቷን ቁልፍ ለጎረቤት ሰጥታለች። በሩን ከፍቼ ብሄድስ ብላ። ሳሎኗ ግድግዳ ላይ ወረቀት ለጥፋለች፣ በትልልቁ፦ ጋዝ አጥፊ።

«መቼ ነው ያወቅሽው?»

«ሐሙስ... ያለፈው ሳምንት ሐሙስ።»

«አሥር ቀን። አሥር ቀን ሙሉ አበድኩ ብዬ ስብሰለሰል አንቺ ታውቂ ነበር?»

አንቺም አይታየኝም አላልሽኝም፣ ልል ነበር። ዋጥኩት። እውነት ነው፣ ግን የዛሬ ነገር አልነበረም።

«ሂጂ ወደ ቤትሽ» አለች።

ሰኞ፣ የካቲት 17

አታነሳም።

ማክሰኞ፣ የካቲት 18

ካርድ ክፍል ደወልኩ። ሐኪሟ ዘንድ ገብታ ወጥታለች። ግማሽ ሰዓት ቀድማ፣ ብቻዋን። መድኃኒቷ ተቀይሯል። «ደህና ናቸው፣ ትንሽ ተቆጥተዋል እንጂ» አለችኝ ልጅቷ። ማንን እንደተቆጣች እኔ አውቃለሁ።

ሰኞ፣ የካቲት 24

አዲሱ ፎንት ወጣ። ከአሥራ አንዱ አሥሩ በትክክል ያነበቡት። ደልደል ያለ፣ አጠር ያለ፣ ጥቁር። ቆንጆ አይደለም። አለቃዬ አንገቱን አዘንብሎ ሲያየው ቆየና «አየር የለውም» አለ። መልሶ ግን «ይሁን» አለ።

ለእትዬ ገጹን ላክሁላት። ከፍታ አይታዋለች። መልስ የለም። የቢሮውን መስኮት ስከፍት ስዘጋ ዋልኩ።

ሐሙስ፣ መጋቢት 4

ጠዋት ቢሮ ሳለሁ ደወለች። ሰላምታም የለ።

«ሦስቷ ሦስት ሆናለች።»

«አዎ እትዬ።»

«ከሥር ያለው የስልክ ቁጥር ግን አይታየኝም።»

አይታየኝም... ይህን ቃል ከአፏ ሰምቼ አላውቅም። ሁልጊዜ ብርሃኑ ነው፣ ድካሙ ነው፣ እርጅናው ነው።

«ሰማሽኝ? አይታየኝም አልኩሽ። ዓይኔንም ቅዳሜ ልታይ ነው፣ አንቺ ትወስጂኛለሽ። ቁጥሩን ግን አሁን አስተካክዪው።»

«እሺ። ሲያልቅ ልደውልልሽ?»

«አልዘጋም።»

ስልኩን ትከሻዬና ጆሮዬ መሃል አጣብቄ ገጹን ከፈትኩ። የቁጥሩን መጠን አንድ ነጥብ አሳድጌ ገጹን መልሳ እንድትከፍተው ነገርኳት።

«አሁንስ?»

«ጨምሪ።»

ጨመርኩ። አለቃዬ ከኋላዬ መጥቶ ቆመ።

«አሁንስ?»

«ትንሽ ጨምሪ... ቆይ። እህ። በቃ፣ እዚያው ተዪው።»

ከዚያ ቁጥሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ አንድ በአንድ፣ አነበበችልኝ።