ማሽኑን ሸፈኑብኝ

ጥቅምት 10፣ ሰኞ

ከምሳ በኋላ ነው የሆነው። የወርክሾፑ ባለቤት ጋሽ አያልነህ በኮምፒዩተር እየታዘዘ ብረት የሚቆርጠውን የሲኤንሲ ማሽን ቁልፍ ከኪሳቸው አወጡ። እንደ ሁልጊዜው እጄን ዘረጋሁ። እጄ እንደተዘረጋ ቁልፉን ለደሳለው ሰጡት።

"ከዛሬ ወዲህ ማሽኑን ደሳለው ይይዘዋል። አንች ፕሮግራሙን እየጻፍሽ ትሰጭዋለሽ። ለሴት ልጅ ቢሮ ይሻላል።"

አለቀ። ይችው ናት።

የተዘረጋ እጅ ምን ይደረጋል? ሻሼን ያስተካከልሁ መሰልሁ።

ደሳለው ባሕር ዳር አንድ ወር ሠልጥኖ መጣ። ሰው ይወደዋል፣ ጨዋታ ያውቃል። ግን ማሽኑ ከነሳጥኑ ሲመጣ የት ነበር? ሳጥኑን የፈታሁት፣ በውኃ ልክ ያቆምሁት፣ መጀመሪያ ብረት ያስነከስሁት እኔ። አምስት ዓመት ዩኒቨርሲቲ የተቀመጥሁት ለዚህ መስሎኝ ነበር...

ዕቃ ቤት የምትሠራው ጸሐይነሽ አየችኝ። "ምነው አገኘሁሽ፣ ጣውንት የመጣባት መሰልሽሳ?" ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ለምን ሳቅሁ?

ጥቅምት 11፣ ማክሰኞ

ፕሮግራሙን ጨረስሁ። ጥሩ ሆኗል። ለማን ልንገር... እዚሁ ልጻፈው።

የሩዝ መፈልፈያው ቢላ የሚንሸራተትበት ቦይ ነው። ዶቭቴል ይባላል። አፉ ጠባብ፣ ሆዱ ሰፊ፣ እንደ እንስራ። ቢላው በጎን ገብቶ ወደፊትና ወደኋላ ይሄዳል፤ ወደ ላይ ግን አያመልጥም። ባለወፍጮው እንደ ሩዙ ዓይነት ጠበብ ወይም ሰፋ ያደርገዋል፣ ሩዙ ሳይሰባበር ይፈለፈላል።

መቁረጫውም እንደ ቦዩ ታቹ ሰፊ ነው። መጀመሪያ ቀጥ ያለው መቁረጫ መንገድ ይከፍታል። ከዚያ የዶቭቴሉ መቁረጫ ከጎን ይገባል፣ ዝግ ብሎ ይሄዳል፣ በዚያኛው ጫፍ ከብረቱ ፈጽሞ ከወጣ በኋላ ብቻ ወደ ላይ ይነሣል። ብረቱ ውስጥ ሳለ ከተነሣ አበቃ። እንስራ ውስጥ የጨበጡት እጅ አይወጣም።

ይህንኑ ለደሳለው ነገርሁት። "ብረቱ ሲለወጥ የመውጫውን ነጥብ ሳታስተካክል እንዳትነካው።"

"እሽ፣ መምህርት" አለ፣ ወደ ሌሎቹ እየጠቀሰ።

መምህርት።

ጥቅምት 14፣ ዓርብ

ቆሜ አየሁት። ማሽኑ መስታወት አለው፤ በዚያ በኩል።

የኔ መንገድ ነው። አገባቡ የኔ፣ ዝግ የሚልበት ቦታ የኔ፣ የማቀዝቀዣው ውኃ የሚፈስበት ሰዓት እንኳ የኔ። ደሳለው እጁን ኪሱ ከቶ ያፏጫል። ከሐሙሲት የመጣው ባለወፍጮ፣ አቶ ታደለ፣ ስልኩን አውጥቶ ቀረጸው። "ይች ናት ሥራ! የማን ልጅ ነህ አንተ?"

ማንም ወደኔ አልዞረም። ለምን ይዞራል? ማሽኑ ላይ ያለው እሱ ነው።

ቀናሁ። እዚህ ማንም አያነበውም፣ በደንብ ልጻፈው፦ ቀናሁ። አባቴ ወናፉን ሲረግጠው ፍሙ እንደሚቀላ፣ እሱ ባፏጨ ቁጥር ቅናቴም ይቀላል። መቁረጫው እጁ ላይ ምናለ በተሰበረ አልሁ። በልቤ።

ጥቅምት 18፣ ማክሰኞ

ተሰበረ።

አቶ ታደለ ተለቅ ያለ መፈልፈያ አዝዟል። ብረቱ ከበፊቱ በአራት ጣት ይረዝማል። ማንም አልነገረኝም። ውኃ ልቀዳ ስወጣ በመስታወቱ አየሁት። ቀጥ ያለው መቁረጫ ሥራውን ጨርሶ በሰላም ተነሣ፤ ደሳለውም ያን አይቶ ተማመነ። ዶቭቴሉ ገባ። ዓይኔ ብረቱ ላይ ተተከለ... ረዝሟል። "ደሳለው፣ መውጫው..." ብዬ ሳልጨርስ መቁረጫው ሄዶ ሄዶ ድሮ ብረቱ ያልቅበት የነበረው ቦታ ደረሰና ወደ ላይ ተነሣ። ጭንቅላቱ ቦዩ ውስጥ ቀረ። ስባሪው መስታወቱን መታው።

ሰው ሁሉ ሮጦ መጣ። እኔ መስታወቱ ፊት እንደቆምሁ ነበርሁ።

ሰዎቹ ሲበተኑ ለደሳለው በስክሪኑ አሳየሁት። አሮጌው ነጥብ ይኸው፣ አዲሱ ብረት ይኸው። ገባው። ፊቱ አመድ መሰለ። "ቆይ፣ ለጋሽ አያልነህ እኔው ራሴ እነግራቸዋለሁ" አለኝ። እሽ አልሁት።

እንዲሰበርበት ተመኝቼ ነበር? አዎ፣ ዓርብ ዕለት። ምኞት ብረት አይሰብርም።

ጥቅምት 19፣ ረቡዕ

ምሳ ላይ ልቀመጥ ስጠጋ ጸሐይነሽ ምሳ ዕቃዋን ከደነችው። በዝግታ፣ እንደዋዛ። ሹሮዋ ላይ።

ይችን ክዳን አውቃታለሁ። ልጅ ሳለሁ፣ አገሬ ቁሐር ሚካኤል፣ ጎረቤት ስላክ ወተቱ ላይ ነጠላ ጣል ይደረግ ነበር። ለምን እንደሆነ አባቴን ጠየቅሁት፤ "ዝንብ እንዳይገባበት ነው" አለኝ። አባቴ ቀጥቃጭ ነው። ባለ እጅ የሚሉን እኛን ነው። ሌላም ይሉናል... ዓይኗ ይበላል።

ከሰዓት ሠራተኞቹ ሲያወሩ ሙሉውን ሰማሁት። "አፍጥጣ እያየችው ነበር። ቁልፉን ከተነጠቀች ጀምሮ ነው። አየችው፣ ተሰበረ።"

ደሳለውን ያዝሁት። "ነገርሃቸው?"

"ተይው በቃ፣ ወሬ ነው፣ ያልፋል።"

"ማሳለፍ የምትችለው አንተ ነህ። አንድ ቃል።"

ጫማውን አየ። አዲስ ጫማ ነው።

አይናገርም። ለምን ይናገራል? የሱን ስህተት እኔ ተሸክሜለታለሁ።

ጥቅምት 20፣ ሐሙስ

ማሽኑን ሸፈኑት። የማሽኑን መስታወት፣ በአበባማ የጠረጴዛ ልብስ። ከውስጥ ምን እየተቆረጠ እንደሆነ ደሳለው እንኳ ጥጉን ገልጦ ነው የሚያየው። ሰው እንዲያይበት የተሠራ መስታወት... እኔ እንዳላይ ብለው ራሳቸውንም አሳወሩ።

ጋሽ አያልነህ ቢሮ ጠሩኝ። "እኔ እንዲህ ያለ ነገር አላምንም፣ ታውቂኛለሽ። ግን ሠራተኛው ፈርቷል። ለጊዜው ወደዚያ ባትገቢ... ፕሮግራሙን በፍላሽ ላኪላቸው።"

"ጋሼ፣ ለምን እንደተሰበረ ላሳይዎት?"

"ይሁን፣ ይሁን። ሌላ ቀን።"

አላምንም ይላሉ። የማያምኑ ሰው የጠረጴዛ ልብስ ከቤታቸው አምጥተው ያሰቅላሉ?

ጥቅምት 23፣ እሑድ

ቁሐር ሄድሁ። ሜዳው ሩዙ ቢጫ ሆኗል፤ አንዳንዱ ማሳ ገና ውኃ እንደያዘ ነው። አባቴ በር ላይ አራት ሰው ማጭድ ሊያስመታ ይጠብቃል። ቆመው ነው እንጂ... አይቀመጡም፣ አይበሉም፣ አይጠጡም። ማጭዱን ይዘው ይሄዳሉ።

ሰዎቹ ሲሄዱ ሁሉን ነገርሁት።

"ዓይንሽን ሰበር አድርጊ፣ ልጄ። እኔ እንዲያ አድርጌ ነው የኖርሁ።"

"አባ፣ ዓይኔን ሰብሬ ማሽን እንዴት እነዳለሁ?"

ሳቀ። ጥርሱ ላይ ጥላሸት አለ። "እንግዲህ እሱን አንች ታውቂያለሽ፣ የተማርሽው።"

"ግን ቀንቼበታለሁ፣ አባ። ውሸት አይደለም።"

"ቅናትማ ማን የሌለበት አለ? እኛ ስንቀና ነው ስም የሚወጣለት።"

ይህን ብሎ ሌላ የጋለ ማጭድ ውኃ ውስጥ ነከረ። ስልሳ ዓመት የያዘው ቃል ይመስለኛል።

ጥቅምት 25፣ ማክሰኞ

ፕሮግራሙን አልላክሁም።

ጥቅምት 26፣ ረቡዕ

ደሳለው ቢሮ መጣ። በሩ ላይ ቆመ። የቀረው አንድ መቁረጫ ነው፤ ሌላ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ አጨዳው ያልቃል። አቶ ታደለ በየቀኑ ይደውላል።

"አጉዬ፣ ያችን ነጥብ ብቻ አስተካክይልኝ።"

"ራስህ አስተካክላት። አንዲት ቁጥር ናት።"

"ብሳሳትስ?"

"ብትሳሳት ዓይኔ አለልህ።"

ሊስቅ ጀመረና ተወው። "ባስቆጣሽም... እኔ እኮ ዓይኗ ነው አላልሁም።"

"አይደለምም አላልህ።"

"ብናገር ያባርሩኛል።"

"እኔንስ ምን አደረጉኝ?"

አንዲት ፍላሽ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦ ወጣ። ባዶ ፍላሽ። እንድሞላለት። ይኸ ልጅ ምን ዓይነት ልብ ነው ያለው? የሚገርመው አሁንም የምቀናው በሱ ነው። ሰው ሳይጠረጥረው ተሳስቶ ማደር መቻሉ... እኔ ተሳስቼ ቢሆን ምን ይሉኝ ነበር?

ጥቅምት 28፣ ዓርብ

ሳልጠራ ወርክሾፕ ገባሁ። የሻይ ሰዓት ነበር፣ ሁሉም አለ። የተበላሸውን ረጅም ብረት ከጥራጊው አንሥቼ ጠረጴዛ ላይ አኖርሁት። የመቁረጫው ጭንቅላት አሁንም ቦዩ ውስጥ ተቀርቅሯል። ባለፈው በደህና የወጣውን አጭሩን አጠገቡ አስተኛሁት፣ አናትና አናታቸውን አስተካክዬ።

"ኑ እዩ።"

መጀመሪያ የተጠጉት ጋሽ አያልነህ ናቸው። የተሰበረበት ቦታ ከአጭሩ ጫፍ ጥቂት አለፍ ብሎ ነው፤ መቁረጫው ድሮ ከብረት ወጥቶ የሚነሣበት ትክክለኛው ቦታ። ፕሮግራሙን አላስረዳሁም። ብረቱን ብቻ አሳየሁ።

"ዓይኔ እንዲህ ልክ አውቆ የሚሰብር ከሆነ፣ ጋሼ፣ ከእንግዲህ መለኪያ ካሊፐር አይግዙ።"

አንድ ሰው ሳቀ። ሁሉም ደሳለውን አየው። እሱ የሻይ ብርጭቆውን አስቀመጠ።

"እኔ ነኝ። ነግራኝ ነበር። መውጫውን ሳልለውጥ ቀረሁ።"

ታዲያ ምን ሆነ? ተነሥተው ትከሻውን ቸብ ቸብ አደረጉት። "ወንድ ልጅ እንዲህ ነው፣ ያመነ።" "ጀግና ነህ።" ጋሽ አያልነህም፣ "በስህተት የማይማር የለም፣ አይዞህ።"

ለዐሥር ቀን እኔ ላይ ተጭኖ ለቆየው ግን ማንም አይዞሽ አላለም። ባመነበት ተመሰገነ፤ እኔ ባላደረግሁት ተሸፈንሁ። ቀናሁበት፣ እንደገና። እዚያው ቆሜ።

ጸሐይነሽ ቀስ ብላ፣ "ይሁን እንጂ መጠንቀቅ አይከፋም" አለች። ሄጄ የጠረጴዛ ልብሱን ከመስታወቱ አወረድሁት። አጥፌ እቅፏ ውስጥ አኖርሁላት። "ለሹሮሽ" አልኋት። ተቀበለች። ምን ታድርግ?

ጋሽ አያልነህ፣ "እንግዲያውስ ፕሮግራሙን አስተካክለሽ ለደሳለው..." ብለው ጀመሩ።

"አይሆንም። ወይ እኔ እቆርጠዋለሁ፣ ወይ ፕሮግራሙ የለም።"

"ታስፈራሪኛለሽ?"

"አላስፈራራዎትም። እየነገርሁዎት ነው።"

ስልካቸው ጠራ፣ አቶ ታደለ ነው። "ሰኞ ይደርሳል" አሉት። ዘጉትና ወደኔ፣ "በይ ሰኞ ቁረጪውና እናያለን።"

ኅዳር 1፣ ሰኞ

ሌላ ረጅም ብረት ቆረጥሁ። በመጨረሻው መቁረጫ። ከጎን ገባ፣ ሄደ፣ ከብረቱ ወጣ፣ ተነሣ። ቢላው ያለ መዶሻ ገባ። ሰዎቹ ራቅ ብለው ቆመው ነበር፤ አንዷ ፊቷን አማተበች። እኔ ዓይኔን ከመስታወቱ አላነሣሁም።

አቶ ታደለ አልቀረጸኝም። "ደሳለው የለም እንዴ?" አለ መጀመሪያ። ከዚያ ቢላውን በእጁ ወደፊትና ወደኋላ አንሸራተተው። ጫነና ሄደ።

ጋሽ አያልነህ ማታ ሲወጡ፣ "ሁለታችሁ በፈረቃ ያዙት" አሉኝ፣ እንደ ስጦታ። ፈረቃውን ተቀብያለሁ፤ ደሳለው መሥራት ይችላል፣ ከተማረ። ሌላውን ግን ነገርኋቸው፤ እሳቸውም "እሽ፣ ሰምቻለሁ" አሉ። እዚህም ልጻፈው፣ እንዳልረሳው ሳይሆን እንዳልለሳለስ።

እኔ ስመጣ የሚከደን ነገር አልቀበልም፤ ማሽንም ይሁን ሹሮ። የአንድ ወር ሠልጣኝ እጁን ኪሱ ከቶ የኔን ሥራ ሲነዳ ቢሮ ተቀምጬ ፍላሽ መሙላት አልቀበልም። ወሬ ነው ያልፋል የሚለውን አልቀበልም፤ ወሬ የሚያልፈው በኔ ላይ ነው። ዓይንሽን ስበሪ የሚለውን፣ አባቴ ቢለውም፣ አልቀበልም። ቅናቴን አልክድም፣ የራሴ ነው፣ ነገም ይኖራል። የሌላ ሰው ስህተት ግን በዓይኔ አይሳበብም። አልቀበልም።