«በቅሎ!» የሚባለው መቼ ነው

ኅዳር 5፣ 2002፣ ቅዳሜ፣ 11 ሰ.

ደብተሬ፣ አስቀድመህ ይህን ያዝ፤ ካልያዝከው የሚቀጥለው አይገባህም። ለእያንዳንዱ ተጫዋች ሁለት ካርታ ተሸፍኖ ይታደላል። አምስት ካርታ ደግሞ መሐል ላይ ተራ በተራ ይገለጣል፤ እሱ የሁሉም ነው። በየመሐሉ ባቄላ እናስይዛለን። ባቄላው ጣባ ውስጥ ይጠራቀማል። ሌላው የሚያስይዘውን ያህል አስገብተህ ትቀበላለህ ወይም እጅህን፣ ማለት ካርታህን፣ ትተዋለህ። ገደብ የለም። ጣባው ውስጥ 20 ፍሬ ቢኖርም ፊትህ ያለውን 100 ማስያዝ ትችላለህ። ጥያቄዬ እዚህ ላይ ነው። ከጣባው በላይ ማስያዝ መቼ ያዋጣል?

ዛሬም ሦስት ነን። እኔ፣ ጡረታ የወጣችው ነርስ ሲስተር አልማዝ፣ ልብስ ሰፊው በሻህ። ጨዋታውን ያስተማረን ቤቴ ተከራይቶ የነበረው የመንገድ መሐንዲስ ነው። እሱ ሄደ፤ ካርታውን ተወልን።

በሻህ ከጣባው በላይ ሲያስይዝ «በቅሎ!» ብሎ ይጮኻል። አባቱ የታወቁ ተሟጋች ነበሩ። በአንዲት ፍየል ክርክር ላይ ቆመው «በቅሎ እሰጥ!» ይላሉ፤ ብረታ ማለት ነው። ባላጋራው «አገባ!» ብሎ ካልመለሰ አፈረ። እሰጥ አገባ የምንለው ከዚያ የመጣ ነው። ለካ በሻህ ጨዋታውን ከመሐንዲሱ በፊት ከአባቱ ተምሮታል። ደስ የሚል ነገር። መዝግቤዋለሁ።

በሻህ ሞላሌ ገበያ ውሎ ወሬ አመጣ። ታናሽ ወንድሜ ደምሴ ልጁን ጽጌን ጥር ላይ ሊድር ነው። ፊደል ያስቆጠርኳት እኔ ነኝ። አልተጠራሁም። የዛሬ አራት ዓመት የአባታችን መሬት ተለክቶ አረንጓዴው የመሬት ደብተር ሲሰጥ፣ ከቦዩ ወዲህ ባለችው ቁራጭ ተጣላን። ቁራጯን እኔ አገኘሁ። ከዚያ ወዲህ ቃል አልተለዋወጥንም። ሠርጉ ላይ መገኘት እፈልጋለሁ። ይኸው፣ ጻፍኩት።

ኅዳር 8፣ ማክሰኞ፣ ጠዋት 2 ሰ.

ቁርስ ሳልቀምስ ሒሳብ። ጣባው ውስጥ 20 አለ። ባዶ እጅ ይዤ 40 አስያዝኩ እንበል። ሌላው ከተወ 20 አገኛለሁ፤ ከተቀበለ 40 አጣለሁ። ስለዚህ ከሦስት ጊዜ ሁለቱን ካላስተውኩ ኪሳራ ነው። 20 ብቻ ባስይዝ ኖሮ ከሁለት አንዱ ይበቃኝ ነበር። ሦስት ጊዜ አሰላሁት። ልክ ነው።

ታዲያ ሌላው መቼ ይተዋል? ጠንካራ እጅ እንደሌለው ቀድሞ ሲያሳይ። ቢኖረው ኖሮ ያን ጊዜ ይጨምር ነበር። ዝም ብሎ ከተከተለ ጣሪያው ታወቀ።

ያለፈው ቅዳሜ ስሕተቴ፦ መሐል 7፣ 7፣ 4፣ ንጉሥ፣ 2 ወጥቷል። እኔ 7 እና 4 ይዣለሁ። ሲስተር አልማዝ ንጉሥ ይዛ ዝም ብላ ትከተላለች። 20 ባለበት 10 አስያዝኩ፤ ከፈለች። 40 ብልም ትከፍል ነበር! ንጉሥ ይዞ መተው ይከብዳል። ፈራሁ። ለምን ፈራሁ?

ከሰዓት። መልሱ መጣ መሰለኝ። ከጣባው በላይ የሚያስይዝ ሰው ወይ ሁሉ ያለው ወይ ምንም የሌለው መሆን አለበት። መካከለኛ እጅ ይዞ በቅሎ ማለት ከንቱ ነው። ደካማው ይሸሻል፤ እሱን ቀድሞም አሸንፈው ነበር። የሚቀበለኝ የሚያሸንፈኝ ብቻ ነው። ከሥሩ አሰመርኩበት።

ኅዳር 12፣ ቅዳሜ፣ ሚካኤል

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ተጫወትን። ጣባው ውስጥ 30። እኔ ቀድሜ ትቻለሁ። በሻህ የቀረውን 60 ፍሬ በሙሉ ገፋና «በቅሎ!» አለ። ሲስተር አልማዝ ካርታዋን አየች፣ በሻህን አየች፣ ተወች። በሻህ እየሳቀ እጁን ገለጠው፤ ምንም የለውም። እኔ አመሌ ነው፣ ለመዝገቡ ብዬ የሷንም ካላየሁ አልኩ። ሁለት ንጉሥ! መሐል ደግሞ ሦስተኛው ንጉሥ ተቀምጧል።

«ሲስተር፣ ይህ እጅ እንዴት ይተዋል?»

«መምህር ደግሞ! ጋሼ በሻህ ያላቸውን ሁሉ ደፍተው፤ ብቀበል ባዷቸውን ወደ ቤት ሊሄዱ። ሰው አሳፍሬ ያገኘሁትን ባቄላ ምን ላደርገው ነው፣ ንፍሮ ልቀቅለው?»

«አንቺ! አዘንሽልኝ?» በሻህ ሳቁ ጠፋ። «በቅሎዬ አነከሰች አልኩሽ? ነርስነቱ አልለቀቀሽም እኮ!»

ተኮራረፉ። ሻይ ሲመጣ ታረቁ። እኔ ግን መጻፍ አቃተኝ። እጆቹን በምመዘግብበት ሠንጠረዥ ላይ «አሸናፊ እጅ ይዞ ለሌላው ሲል የተወ» የሚል ዓምድ የለም።

ኅዳር 13፣ እሑድ

ዓምዱን ከፈትኩ። የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ደምሴ ሳይሆን አይቀርም።

እንዲህ ነበር። ለኪዎቹ ገመድ ይዘው ቆመዋል። ሽማግሌዎች አሉ። ክርክሩ በአንዲት ጥማድ በማትሞላ ቁራጭ ነው። እኔ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ የእኔ ድርሻ ለመሆኗ ሚካኤል ደጅ ቆሜ እምላለሁ አልኩ። መሐላ! በቁራጭ መሬት። ከጣባው በላይ ማለት ይህ ካልሆነ ምንድን ነው?

ምን ይዤ ነበር? እውነቱን ጻፍ። አባቴ ወሰኑን ያሳየኝ በዘጠኝ ዓመቴ ነው። ከዚያ ትምህርት፣ ከዚያ ሠላሳ ዓመት ማስተማር፣ ራቤልም ሌላም ቦታ። ግማሽ አስታውሳለሁ፣ ግማሽ እገምታለሁ። መካከለኛ እጅ።

ደምሴ ቁራጯን በየዓመቱ ያርሳት የነበረ ሰው ነው። አየኝና፣ «ጋሼ፣ አይማሉ። ይውሰዱት» አለ።

አራት ዓመት ሙሉ፣ እውነቱ ከእኔ ጋር መሆኑን ስላወቀ ተወ እያልኩ ኖርኩ። እውነቱንማ አውቆት ይሆናል። በሐሰት እንዳልምል ቢሆንስ የተወው? ካርታውን ግለጥ አላልኩትም። የባቄላውን ጠየቅሁ፤ የወንድሜን አልጠየቅሁም።

ኅዳር 14፣ ሰኞ፣ 10 ሰ.

ለበሻህ ሁሉንም ነገርኩት። መልሱ አንድ ነው፤ በቅሎ! ቁራጯን ብቻ ሳይሆን ድርሻህን በሙሉ ስጠው፣ በሽማግሌ ፊት፤ እምቢ ማለት አይችልም፣ ሠርጉ ላይም ከፊት ትቀመጣለህ አለኝ።

ቀልቤን ሳበው። አንድ ሰዓት ያህል አሰብኩበት። አይሆንም። «እምቢ ማለት አይችልም» ያለው ላይ ነው ችግሩ። ያን ጊዜም እምቢ እንዳይል ነበር መሐላ ያነሳሁት። አሁን ትልቅ አላስይዝም። እጄን ገልጬ አስቀምጣለሁ፣ እሱ እንደፈለገ ያድርግ።

ነገ ለሚሄደው የሞላሌ መኪና ይህን እሰጣለሁ። ግልባጩ፦

«ለወንድሜ ለደምሴ። እንደምን ከርመሃል? መሬቱ ሲለካ እምላለሁ ያልኩት እርግጠኛ ሳልሆን ነው። ወሰኑን በትክክል አላውቀውም፤ ያን ጊዜም አላውቀውም ነበር። አንተ የምታውቀውን ሳልጠይቅህ ቀረሁ። ይቅር በለኝ። ፈቃድህ ከሆነ በመረጥከው ቀን መጥቼ ወሰኑን አብረን እንሂድበት፤ አንተ ቅደም፣ እኔ እከተላለሁ። የቆምክበት ቦታ ላይ ድንጋይ እንተክላለን፣ የመሬት ደብተሩንም አስተካክላለሁ። ጽጌ ልታገባ መሆኑን ሰምቻለሁ። ብትጠራኝ ደስታዬ ነው፤ ባትጠራኝም ወሰኑን እንሂድበት። ‹ይውሰዱት› ያልከኝ ቀን ምን ታውቅ እንደነበር ግን ንገረኝ። እምቢም ቢሆን መልስህን ቶሎ ላክልኝ።»