ለአመዶ ምትክ ፍለጋ ምጽዋ ወረድኩ

ሰይድዬ፣ የኔ ሆደ ሰፊ፣ አላህ ቀብርህን ብርሃን ያድርግልህ። ከተለየኸኝ አምስተኛው ወር ገባ። ዒዳዬን፣ ባል የሞተባት የምትቀመጠውን አራት ወር ከዐሥር ቀን፣ ደጅ ሳልረግጥ ጨረስኩ። ሰፈራችን እዳጋ ሓሙስ እንደነበረች ናት፤ አውቶቡሱም ይጮሃል፣ ሻሂ ቤታችንንም ልጃችን ዘይነብ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ስትከፍት ቆየች። እኔ ደህና ነኝ። ውሸቴን ነው፣ ደህና አይደለሁም፤ ግን በልቼ አድራለሁ።

አንድ ነገር መናገር አቅቶኝ ነው እስካሁን ሳልጽፍልህ የቆየሁት። ዓሣዎችህ አለቁ። ያ ጣልያን ወደ አገሩ ሲመለስ የተወልህ የመስታወት ሳጥን፣ ዐሥር ዓመት የምጽዋን ባሕር በዳሚጃና፣ በዚያ በትልቁ ጠርሙስ፣ እየጫንክ የሞላኸው፣ ስድስቱም ዓሣዎቹ በለቅሶህ ሰሞን ሞቱ። የገደልናቸው እኛ ነን፣ ያውም በደግነት።

ለቅሶ ከመጡት የአገራችን ሴቶች አንዷ ለሰይድ ሰደቃ ይሁንልኝ ብላ ዳቦ ፈርፍራ ጣለችላቸው። ነፍስ ላለው ማብላት ሰደቃ ነው፣ ምን ልበላት? ሌላዋም አይታ ቆረሰች። ጎረቤታችን አደይ ለተብርሃን እንኳ፣ ክርስቲያኗ፣ ለነፍሱ ብላ ጨመረች። አንተ በቀን አንዴ በሁለት ጣት ቆንጥረህ እንደምትሰጥ፣ ከዚያ ካለፈ ውሃው እንደሚበላሽ አውቅ ነበር። ግን ስምህን እየጠሩ ሲያበሉ፣ ተዉ የሚል ቃል እንዴት ከአፌ ይውጣ? በሳምንቱ ውሃው ወተት መሰለ፤ ዓሣዎቹም አንድ በአንድ ተገለበጡ። አፉ በለኝ ሰይድዬ።

ዘይነብ ሳጥኑን ለሰው እንስጠው አለች፤ እኔም እሺ ብዬ ነበር። የተበላሸውን ውሃ ስቀዳ ግን ከድንጋዩ ሥር አሸዋው ሲነቃነቅ አየሁ። ያ ጋምበሪህ! ብዙ እግርና ረጅም ጢም ያለው፣ ጉድጓድ ቆፋሪው የባሕር ፍጥረትህ ብቻውን ተርፏል።

በእሱና በአመዶ የተነሳ ስንት ጊዜ ተጨቃጨቅን! እኔ ቢጫዎቹን፣ ጥንድ ጥንድ ሆነው የሚሄዱትን ክብ ዓሣዎች አምጣልኝ እልሃለሁ። አንተ ደግሞ፣ የእነሱ ምግብ ባሕር ውስጥ ነው፣ እዚህ በረሃብ ያልቃሉ ትለኛለህ። ከዚያ አመድ የነሰነሱበት የሚመስል፣ ጣት የምታህል ዓሣ ይዘህ መጣህ። ሰው ምጽዋ ድረስ ወርዶ አመድ ይዞ ይመለሳል ወይ ብዬ ሳቅሁብህ፤ ስሙም አመዶ ሆኖ ቀረ። አንድ እሑድ ከጎንህ አስቀምጠህ አሳየኸኝ። ጋምበሪው ዐይኑ ደካማ ነው። እሱ ይቆፍራል፣ አመዶ በር ላይ ቆሞ ይጠብቅለታል። አሸዋ ሊደፋ ሲወጣ ረጅም ጢሙን ከአመዶ ጅራት ላይ አያነሳም፤ አመዶ ጅራቱን ካርገፈገፈ ሁለቱም እልም ብለው ይገባሉ። ሻሂያችን እስኪቀዘቅዝ አየናቸው።

አሁን ግን አመዶም ከሌሎቹ ጋር ስለሞተ ጋምበሪው ከጉድጓዱ አልወጣ አለ። ጢሙን ብቅ አድርጎ ደጁን ይዳስሳል፣ ማንም የለም፣ ይመለሳል። እኔም በዒዳዬ ተቀምጬ እሱን ሳይ ሰነበትኩ።

ጓደኛህ ዑስማን በማኪናው አዲስ የባሕር ውሃ እያመጣልኝ ጥቂት በጥቂት ቀየርኩት። ዒዳዬ ባለቀ በሳምንቱ ዘይነብን ይዤ ከእሱ ጋር ምጽዋ ወረድኩ። ያ ዓሣ አጥማጅ ወዳጅህ ባልዲ አቀረበልኝ። ምን ባይ ጥሩ ነው? ሁለቱ ቢጫዎች! ዐሥር ዓመት የለመንኩህ። ለሰይድ መታሰቢያ ውሰጂያቸው አለኝ። አሁን እንቢ የሚለኝ ሰው የለም። ጎን ለጎን ሆነው ባልዲው ውስጥ ሲዞሩ አየኋቸው። ከዚያ፣ የለም፣ አመዳማውን ፈልግልኝ አልኩት። ዘይነብ አኮረፈች፤ አጥማጁ ግን ስቆ ወደ አሸዋው ጠለቀ።

ስንመለስ ጊንዳዕ ኬላ ላይ ወታደሮች አስወረዱን። ውሃውን ሊደፉብኝ ነው ብዬ ባልዲውን አቀፍኩት። አንዱ የአገራችን የደሴ ልጅ ኖሮ ባልዲውን አጎንብሶ ሲያይ ቆየና፣ ሰው ለዚህ አመድ ብሎ ምጽዋ ድረስ ይወርዳል ወይ አለኝ። የኔኑ ቃል! ሳቄ መጣ፤ አንተ ከሞትክ የመጀመሪያዬ ነው። የሚጠብቀው ሰው አለው አልኩት። እሱ ራሱ ባልዲውን አንስቶ ማኪናው ላይ ሰጠኝ።

አዲሱ አመዶ አንድ ቀን ሙሉ ተደበቀ። በማግስቱ ከጉድጓዱ በር ላይ ቆመ። ጢሙ ወጣ፣ ዳሰሰ፣ ጅራቱን አገኘ። ሰይድዬ፣ ጋምበሪው ወጣ! ወንበርህ ላይ ተቀምጬ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። እሱስ አገኘ፣ እኔ ማንን ልዳስስ? ይህን ካልኩ በኋላ ፊቴን ታጥቤ ሻሂ ቤቱን ራሴ ከፈትኩ።

ለሴቶቹ በር ላይ ቅርጫት አኑሬላቸዋለሁ፤ የሰደቃህን ዳቦ እዚያ ያስቀምጣሉ፣ ለወፎቹ እበትናለሁ። ዓሣህን የማበላው ግን እኔ ነኝ፤ በቀን አንዴ፣ በሁለት ጣት፣ ስምህን ጠርቼ። ይህ እጄ እስኪዝል ድረስ አይረሳህም።

ሚስትህ ፋጡማ