የአቶ ኑዕማን ክልል

ዐፊፋዬ፣

ከሸዋ ቤንች ነው የምጽፍልሽ፤ ዝናቡ ፖስት ካርዱን ሳይቀር አርሶታል። ለክልሎች ሕገ መንግሥት ጥናቴ ዛሬ አቶ ኑዕማን የሚባሉ አዛውንት ንብ አናቢ አግኝቼ፣ «ክልላችሁን እንዴት ያዩታል?» አልኳቸው።

«ምን የሚታይ አለ ልጄ? ተጨፈጨፈ እኮ! ቀፎ የምሰቅልባት አንዲት ዋንዛ እንኳ አልተዉልኝም» አሉና እንባቸው መጣ።

ለካ ከቤታቸው ጀርባ ስለነበረው የተከለለ ደን የጠየቅኳቸው መስሏቸው ነው። እዚያ አዲስ አበባ «ክልል» በሚለው ቃል ሰው ሲጣላ እንጂ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም። ዕድሜዬን ሙሉ ያስተማርኩት ቃል ነው፤ ግን ሳላርማቸው የእሳቸውን ትርጉም ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩት።

ቦታ አለቀብኝ። ልጅሽን ሹክሪያን ሳሚልኝ። አጥሩን ገፋ የምትዪውን ዛፍሽንም አታስቆርጪው፣ በሞቴ።

ማናልሞሽ