ብርዱ ያከሳህ መስሎኝ

ውድ ሠረቀብርሃን፣

ስልክህን ከዘጋህ ወዲህ የምደውለው ለወንድምህ ለቄስ ገብረአብ ነው። «አንኮበር ደርሷል፤ ደኅና ነው። ምግብ ግን ብዙ አይቀምስም» አሉኝ። ይህን ደብዳቤ በእጅህ የሚሰጡህም እሳቸው ናቸው። እባክህ እስከ መጨረሻው አንብበው።

ሩጫውን ስትጀምር ደስ ብሎኝ ነበር። በዚያ በኅዳር ውርጭ፣ የደብረ ብርሃን ሰው ሁሉ ጋቢውን ተከናንቦ ሳለ፣ አንተ በካናቴራ ትወጣለህ። ጆሮህ ቀልቶ ትመለስና ጭራሽ በቀዝቃዛ ውኃ ትታጠባለህ። «ምን ነካህ?» ስልህ፣ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምረው ጓደኛህ ተስፋሚካኤል ያጫወተህን ነገርከኝ፤ እንቅስቃሴና ብርድ አንጀት ውስጥ የሚኖሩትን ባክቴሪያዎች ይለውጣሉ፣ እነሱ ሲለወጡ ሰውነት ስቡን ያቃጥላል አልከኝ። «እኔ ምን አለፋኝ፣ ሥራው የእነሱ ነው» ብለህ አሳቅኸኝ። እየቀነስክ ስትሄድ እኔም ለጎረቤቱ ሁሉ በኩራት አወራሁ።

በጥር ቁርጭምጭሚትህ ወለም አለና ሩጫው ቀረ። የምትታጠብበትንም ውኃ እኔ አሞቅልህ ጀመር። ገንፎውንም ቅቤውንም አላጓደልኩብህም። አንተ ግን መክሳትህን አላቆምክም። አንድ ቀን ሸሚዝ ስትቀይር ትከሻህን አየሁና ዝም ማለት አቃተኝ።

«ሠረቀ፣ አሁንም እየከሳህ ነው።»

«ባክቴሪያዎቹ ገና ሥራ ላይ ናቸው» አልክ። ያን ቀን ግን አልሳቅህም።

ተስፋሚካኤልን ሄጄ ጠየቅሁት። «ያወራሁለት ጥናት በአይጦች ላይ የተሠራ ነው። በሰው ላይ ገና ብዙ የሚጣራ ነገር አለ» አለኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ደግሞ ሩጫውንም ብርዱንም ትቶ፣ እየበላ የሚከሳ ሰው ሐኪም ነው የሚያስፈልገው። ለራሱም ነግሬዋለሁ» አለ። ያንኑ ዕለት ሐኪም ቤት እንሂድ ስልህ ተቆጣህ። በማግስቱ «ወንድሜን ልየው» ብለህ ወጣህ።

ከሄድክ በኋላ ግራጫ ሱሪህን ላስጠብብልህ ልብስ ሰፊው ኪዳነ ማርያም ጋ ወሰድኩት። ወገቡን ገልበጥ አድርጎ አየና፣ «ይኼን እኮ መስከረም ላይ አጥብቤለታለሁ። ለመስቀል ነው የምለብሰው ብሎ እንዴት አጣድፎኝ ነበር!» አለኝ።

መስከረም ላይ። ሩጫውን የጀመርከው ኅዳር ነው።

እዚያው በርጩማው ላይ ቁጭ አልኩ። ለካስ ሩጫው አይደለም ያከሳህ፤ መክሳትህ ነው ያስሮጠህ። ለምን ከሳህ ብዬ እንዳልጠይቅህ፣ ያን ሁሉ ውርጭ ችለህ ምክንያት አበጀህልኝ። አባትህ እንዲሁ ከስተው ከስተው ማለፋቸውን፣ እናትህም አጠገባቸው ሆነው በጭንቀት መመንመናቸውን አንተው ነህ የነገርከኝ። እኔን ከዚያ ልታተርፈኝ ፈልገህ እንደሆነ ገብቶኛል። ግን አላተረፍከኝም። ፍርሃቱን ለብቻዬ ትተህልኝ ሄድክ እንጂ። አሁን እኔም እህል አልወርድ ብሎኛል።

አልተቀየምኩህም። ለሰኞ የሐኪም ቀጠሮ ይዤልሃለሁ። ቅዳሜ ጠዋት በመጀመሪያው መኪና አንኮበር እመጣለሁ፤ ቄስ ገብረአብም አብረውን ሊመጡ ቃል ገብተውልኛል። እምቢ ብትል እንኳ ትቼህ አልመለስም። ምናልባት ቀላል ነገር ይሆናል፤ ምናልባትም አይሆንም። ሐኪሙ የሚለውን ግን ከእንግዲህ አንተ ለብቻህ ሰምተህ፣ ለእኔ አሳምረህ አትነግረኝም። ጎን ለጎን ተቀምጠን እንሰማዋለን።

ሚስትህ ባዩሽ