በተረከዜ ላይ ለፈረዱት ሹም

ለተከበሩ አቶ ምንይሉ፣ የሰፈራችን ክሊኒክ ኃላፊ፤
ባሉበት።

ከሁሉ አስቀድሜ የክብርዎን ጤንነት፣ በተለይም የእግርዎን ደኅንነት እየተመኘሁ፣ እግዚአብሔር ከእሾህና ከራስዎ ክሊኒክ እንዲጠብቅዎ ዘወትር እንደምጸልይ በትሕትና እገልጻለሁ። ፊቴን ቀና ብለው ስላላዩት አያስታውሱኝ ይሆናል፤ እኔ ካቻምና ክረምት ሲገባ ቀኝ እግሬ አብጦና መግል ቋጥሮ፣ በመቋሚያዬ ተደግፌ ደጅዎ የመጣሁት የዜማ መምህር መሪጌታ ወልደ ጻድቅ ነኝ። ሕመሜን በአደባባይ ስለተናገሩልኝ፣ እኔም ምስጋናዬን በጓዳ ብገልጽ ነውር መስሎ ስለታየኝ ይህን ደብዳቤ በአደባባይ ጽፌያለሁ።

፩ኛ፤ ስለ ምርመራዎ ፍጥነት አመሰግናለሁ። ከወንበርዎ ሳይነሡ፣ አፍንጫዎን በመሐረብ ይዘው፣ እግሬን በጫማዎ ጫፍ ወደ ብርሃን ገፋ አድርገው ካዩ በኋላ ክንድዎን የቻሉትን ያህል ዘርግተው ተረከዜን በመርፌ ወጉኝ። በልጄ ዕድሜ ሆነው «አንተ» እያሉ አሞኝ እንደሆነ ሲጠይቁኝ እውነቱን ተናገርኩ፤ አላመመኝም። ይህ ተረከዝ ከልጅነቴ ጀምሮ በባዶ እግር ማኅሌት ሲቆም የኖረ ነው፤ መርፌው ራሱ ጎብጦ ወጣ። እርስዎ ግን የጎበጠውን መርፌ ይዘው እግሬ ደንዝዟል፣ በሽታውም ሥጋ ደዌ ነው ብለው ፈረዱ። በዚያ መርፌ ቢመረመር በዋግ ቄስና ገበሬ መካከል ሥጋ ደዌ የሌለበት ሰው ይገኝ ይሆን እያልኩ እስከ ዛሬ እደነቃለሁ።

፪ኛ፤ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ እርስዎ ለመደበቅ እንኳ ፋታ አልሰጡኝም። በሩን ከፍተው ተራ ለሚጠብቀው ሰው ሁሉ ሥጋ ደዌ ስለሆነ ራቅ በሉለት፣ የተቀመጠበትንም አግዳሚ በበረኪና እጠቡት ብለው አዘዙ። ከተራ ጠባቂዎቹ አንዱ የጊዮርጊስ ጽዋ ማኅበራችን ሰብሳቢ፣ ሙሴያችን አቶ መንግሥቴ ነበሩ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና፣ እኔ እያነከስኩ ቤቴ ሳልደርስ ወሬው ቀድሞኝ ገባ። ባለቤቴ ወይዘሮ እታገኝ ይህን ሰምታ ስለ ክብርዎ በአገሯ ቋንቋ በኽምጣንኛ የተናገረችውን፣ ለክብርዎ ስል አልተረጉመውም።

፫ኛ፤ የሰጡኝ ክኒን ሽንቴን አቀላው፣ ፊቴን አጠቆረው፤ እግሬን ግን እንደነበረ ተወው። ጎረቤቶቼም የፊቴን መጥቆር የደዌው ምልክት ነው እያሉ እርስዎ አዋቂ መሆንዎን መሰከሩ።

፬ኛ፤ በማኅበራችን ጽዋው አንድ ነው። ከሙሴው ተነሥቶ በእጅ በእጅ ይዞራል፤ ከእርሱ አብሮ የጠጣ ወንድም ይባላል፣ ሲሞትም ወንድሞቹ ይሸከሙታል። ከፍርድዎ በኋላ በጊዮርጊስ ዕለት፣ በሃያ ሦስት አቶ መንግሥቴ ቤት ስሄድ ለእኔ ብቻ የተዘጋጀች ቅል በበሩ አጠገብ በምስማር ተሰቅላ ጠበቀችኝ። ጠላውን ከከፍታ፣ የቅሏን አፍ ሳይነኩ አንቆረቆሩልኝ። ክፉ ቃል የተናገረኝ የለም፤ ሁሉም ምሕረቱን ያውርድልህ እያሉ ከአጠገቤ ፈንጠር ብለው ተቀመጡ። አቶ ምንይሉ፣ እዚህ ላይ ወግ አላበዛም፤ ያን ጠላ የምውጠው እየተጸየፍኩ ነበር። የተጸየፍኩት ግን ጎረቤቶቼን አይደለም፤ በአፍንጫዎ ላይ የነበረውን ያን መሐረብ ነው። እስከ ዛሬም እጸየፈዋለሁ።

፭ኛ፤ በእርስዎ ቸርነት እግር የሚያውቅ ሐኪም ፍለጋ አገር አየሁ። አንዱ ሪህ ነው ብሎ ሥጋ ከለከለኝ፤ ሥጋ የት አግኝቼ እንደምበላ ግን አልጠየቀኝም። ወጌሻው ቁርጭምጭሚትህ ወልቋል ብሎ አሽቶ ሊገድለኝ ደረሰ። ሌላው ደግሞ እግሬን ሳያይ መቀመጫዬን ወጋኝ። በመጨረሻ በአይሱዙ ጭነት ላይ ተቀምጬ ሩቅ ከተማ ወርጄ፣ ዶክተር ዘበነ ከሚባሉ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ዘንድ ደረስኩ። እኚህ ሰው መሐረብ አላወጡም። ዝቅ ባለ በርጩማ ተቀምጠው እግሬን ጭናቸው ላይ አሳረፉና አጠቡት። ከዚያ ተረከዜን ትተው የውስጥ እግሬን ጎድጓዳ በመርፌ ጫፍ ነካ ቢያደርጉት፣ ከአልጋው ዘልዬ ልወርድ ነበር። «ይህ እግር ከእኔ እግር የበለጠ ይሰማዋል» ብለው ሳቁና፣ እብጠቱ ሳይጀምር በየት በኩል እንደሄድኩ ጠየቁኝ። ለተዝካር ወደ ዋጉ ዝቋላ ቆላ ስወርድ የግራር እሾህ ኮንጎ ጫማዬን በስቶ እንደወጋኝ፣ ነቅዬም እንደጣልኩት ነገርኳቸው። አደንዝዘው ቢከፍቱት የእሾሁ ጫፍ ተሰብሮ ከነመግሉ ተኝቶ ተገኘ። ሥጋ ደዌ እንኳ ቢሆን ኖሮ በመድኃኒት የሚድን፣ በዋንጫም የማይተላለፍ እንደሆነ የነገሩኝ እርሳቸው ናቸው። ዛሬ ያለ ሕመም ማኅሌት እቆማለሁ።

ይሁን እንጂ ቅሏ ከምስማሩ አልወረደችም። እሾሁን ሳሳያቸው ማኅበርተኞቼ «እግዚአብሔር ይመስገን» ይላሉ፤ ጠላውን ግን አሁንም ከከፍታ ያንቆረቁሩልኛል። አይፈረድባቸውም፤ መታመሜን ከሹም አፍ ሰምተዋል፣ መዳኔን የሰሙት ከበሽተኛው ነው። ስለሆነም ከክብርዎ የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በዚህ ወር በሃያ ሦስት አቶ መንግሥቴ ቤት ይምጡልኝ፣ በክሊኒክዎ በር ላይ በተናገሩበት ድምፅ «ተሳስቼ ነበር» ይበሉልኝ፣ ከዚያም ማኅበሩ ሁሉ እያየ እኔ ከጠጣሁበት የማኅበሩ ዋንጫ ከእኔ ቀጥለው ይጠጡ።

ከዙፋንዎ ሳይነሡ ለሚፈርዱት ክብርዎ፣ በደነዘዘ ተረከዜ ላይ ቀጥ ብዬ ቆሜ እጅ የምነሳ፣
መሪጌታ ወልደ ጻድቅ
ሰቆጣ ዙሪያ፣ ጥር ፲፱፻፺፮ ዓ.ም.

ማሳሰቢያ፤ ከዋንጫው ለመጠጣት ከተጸየፉ በፍጹም አይጨነቁ። ቅሏ ንጹሕ ናት፤ ከእኔ በቀር ማንም አልጠጣባትም። የምስማሩን ቦታ አቶ መንግሥቴ ያሳዩዎታል፣ ወንበርዎንም በበሩ አጠገብ፣ ከሰው ፈንጠር አድርገን እናዘጋጅልዎታለን።