ቁልፉ ማን ጋ ነው?

የሺዬ፣ እንዴት ነሽ የኔ እመቤት?

ልጆች የሰሙትን ወሬ እንዴት እንደሚያጣሩ ይለካል ብለን እኔና አንቺ ደብረ ማርቆስ ቁጭ ብለን ያዘጋጀነው ፈተና፣ ዛሬ ቡራዩ ላይ በአንዲት የአራተኛ ክፍል ተማሪ ፊት ራሱ ወደቀልሽ። ጠዋት ስልኬ ላይ የደረሰኝን ማስታወቂያ፣ «ዛሬ ከሰዓት ለሰፈሩ ውሃ ይለቀቃል» የሚለውን፣ ሰሌዳ ላይ ጻፍኩና «እውነት መሆኑን በምን ታረጋግጣላችሁ?» አልኳቸው። የኛዎቹ የማርቆስ ተማሪዎች ቢሆኑ መልሱን ከፊቴ ላይ ነበር የሚፈልጉት። ሄመን የምትባል ልጅ ግን እጇን እንኳ ሳታወጣ ተነስታ፣ «ኦቦ ዋቆን መጠየቅ ነዋ!» አለች።

«እሳቸው ደግሞ ማን ናቸው?»

«ውሃውን የሚከፍቱት ናቸዋ። ቁልፉ እሳቸው ጋ ነው። ስልክ ውሃ አይከፍትም፣ ቲቸር።»

ክፍሉ አውካካ። እኔና አንቺ ያወጣነው መልስ «ሌላ ድረ ገጽ ላይ ማመሳከር» ነበር፤ በሱ ብሄድ ኖሮ ዜሮ ልሰጣት ነበር! ሙሉ ማርክ ሰጠኋት፤ አንቺም ብትሆኚ ትስሚያት ነበር።

ወረቀቱ ላይ ቦታ እያለቀብኝ ነው። ልጆቹን ሳሚልኝ፣ እማማ ያለምወርቅንም «እግዜር ይማርዎ ብላለች» በይልኝ። አሁን ማደሪያዬ ነኝ። ያንኑ ማስታወቂያ አምኜ ጠዋት በቀረችኝ ውሃ የዘፈዘፍኩት ልብስ ሳሙናውን እንደጠጣ ቁጭ ብሏል፤ ቧንቧው ትንፍሽ አላለም። የኦቦ ዋቆን ቤት እንድታሳየኝ ሄመንን ፍለጋ ልወጣ ነው።

ያንቺዋ ናዝራዊት